የ5 ወር ልጅ ይዞ ዲዝኒ? ከጎንደር ለጠየቀች እናት የሕፃናት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄሽን ላላየ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው ምትኖሪው፣ የመጀመሪያ ልጅሽ ነው፣ ባለቤትሽ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ኦርላንዶ ፍሎሪዳ ስብሰባ አለበት፣ እህቱ እዛው ከተማ ናት፣ ቪዛችሁም ወጥቷል፣ ያኔ ልጁ ገና 5 ወሩ ነው፣ ጡት ብቻ ነው ሚጠባው። አክስቱ እዛ ያለውን ትልቅ የመጫወቻ ፓርክ "ዲዝኒ ወርልድ 4 ቀን እንገባለን፣ ቲኬቱን ልቁረጠው" እያለች ነው፣ አማትሽ ደሞ "እርግብግቢቱ ያልጠና ልጅ ይዛችሁ ባሕር ልትሻገሩ" ብለው አኩርፈዋል፣ አንቺ መሃል ላይ ሆነሽ ማንን ልስማ ነው ያልሽው።

እህትየ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው። በጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ደህና እየጨመረ ያለ፣ የ14 ሳምንቱን ክትባት የጨረሰ ጤነኛ ልጅ በ5 ወሩ አውሮፕላን መሳፈር ይችላል፣ ስለዚህ ሂጂ ነው ምልሽ። 4 ቀን ዲዝኒ ግን በጭራሽ። አንድ ቀን ይበቃል፣ እሱም ጠዋት ጠዋቱን ብቻ። ልጁ ከ3 ዓመት በታች ስለሆነ መግቢያ አይከፍልም፣ የናንተ ቲኬት ግን ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ስለዚህ አክስቱ ሳትቆርጥ ዛሬውኑ ደውዪላት።

ሰው ዲዝኒ ሲባል መጀመሪያ ሚፈራው ያን ሚገለባበጠውን ባቡር ነው። እሱ አያስጨንቅሽ፣ በር ላይ ያሉት ልጆችን በቁመት ነው ሚያስገቡት፣ ስፔስ ማውንቴን ለምሳሌ 112 ሴንቲሜትር ይጠይቃል፣ ያንቺ ልጅ ያኔ 65 ገደማ ነው ሚሆነው፣ ልሞክር ብትይም አያሳልፉሽም። ቁመት ማይጠይቁ ቀስ ብለው ሚሄዱ አሉ፣ በትንሽዬ ጀልባ ውሃ ላይ ሚያዞሩ፣ የእንጨት ፈረስ ላይ ሚሽከረከሩ፣ እነሱ ላይ ጭንሽ ላይ አድርገሽ አንገቱን ደግፈሽ መቀመጥ ትችያለሽ፣ በጀርባ አዝለሽው ግን አይደለም። ትልልቆቹን መጫወት ለምትፈልጉት ደሞ ራይደር ስዊች ሚሉት አሠራር አላቸው፣ አንዳችሁ ስትጫወቱ ሌላው ልጁን ይዞ ይቆያል፣ ከዛ ያ የቆየው ሰው ያን ረጅም ሰልፍ እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። በር ላይ ላለው ሠራተኛ መንገር ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽም አንቺም ሳይቀርባችሁ ትመጣላችሁ።

እኔን ሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ኩፍኝ።

ሙቀቱን ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ ጎንደር ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ሚያውቀው አየር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የደጋ አየር ነው። ኦርላንዶ ሐምሌ ላይ ቀን ቀን 33 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በዛ ላይ አየሩ ውሃ ያዘለ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ደሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። አዋቂ ሰው ሲሞቀው ጥላ ይፈልጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ልብሱን ያወልቃል። ሕፃን ይሄን አንዱንም አይችልም፣ በቅጡ እንኳን አያልበውም፣ ሰውነቱ ከክብደቱ አንፃር ሰፊ ቆዳ ስላለው ደሞ የውጭውን ሙቀት ቶሎ ነው ሚስበው። እኛ ሀገር ልጅ "ብርድ ይመታዋል" ተብሎ በሹራብ፣ በኮፍያ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ነው ሚወጣው፣ ትኩሳት አለው ተብሎ ክሊኒክ መጥቶ ሶስት ድርብ ልብስ ስናወልቅለት ትኩሳቱ ሚጠፋ ልጅ ስንት አለ። ኦርላንዶ ላይ ውጭ ስትሆኑ አንድ ስስ የጥጥ ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ በቃ። ስስ ሹራቧን ቦርሳ ውስጥ ያዢያት፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ውስጥ ኤሲው ኃይለኛ ነው።

አንድ ነገር ሁሉም እናት ምትሠራው አለ፣ ጋሪው ላይ ነጠላ ወይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ጸሐይ መከለል። አታድርጊው። ነጠላው ስስ ነው አየር ያስገባል ትያለሽ፣ ግን ውስጡ አየር መንቀሳቀስ ያቆምና ጋሪው ከውጭው አየር ይብሳል፣ ልጁ ደሞ ተሸፍኖ ስለሆነ ፊቱ ሲቀላ አታዪውም። የጋሪውን ጥላ ዘርግተሽ፣ ትንሽ በባትሪ ምትሠራ ፋን አንጠልጥለሽ፣ ጀርባው ከጋሪው ጋር ተጣብቆ እንዳያልበው በየጊዜው እያነሳሽው ሂጂ። ጋሪ ደሞ ከአክስቱ ወይ ከጓደኞቿ ተዋሱ፣ ፓርኩ ውስጥ ሚከራየው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ ወደኋላ አይተኛም፣ ቁጭ ማይል ልጅ እሱ ላይ አንገቱ ይወድቃል። ይዛችሁት ምትገቡት ጋሪ ስፋቱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሴንቲሜትር ከበለጠ አያስገቡትም፣ የተለመዱት ጋሪዎች ግን ያልፋሉ። አንቀልባ ልውሰድ ወይ ብለሽ ነበር፣ ለአየር ማረፊያው ጥሩ ነው፣ እጅሽ ነፃ ይሆናል፣ ፓርክ ውስጥ ግን የቆዳ አንቀልባ በ33 ዲግሪ ያንቺንም የሱንም ሙቀት አንድ ላይ ነው ሚያምቀው።

ጸሐይ ማሞቅንም ለጉዞው ቀናት ተይው። እዚህ ጠዋት ጠዋት ምታሞቂው ለአጥንቱ ጥሩ ነው፣ ስትመለሺ ትቀጥያለሽ። እዛ ጥላ ጥላውን። ሰንስክሪን ሚሉት የጸሐይ መከላከያ ቅባት ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ መላ ሰውነቱን አይቀባም፣ ጥላ ጨርሶ ከጠፋ ብቻ ፊቱንና የእጁን ጀርባ በትንሹ።

አሁን አማትሽ ቢሰሙኝ ማይወዱትን ልናገር። ልጁ በሙቀት ሲነጫነጭ "ጠምቶት ነው፣ ውሃ ስጪው" ሚል ሰው አይጠፋም፣ እዛም ያሉ ሀበሾች ይሉሻል። ከ6 ወር በታች ጡት ሚጠባ ልጅ ውሃ አይሰጠውም፣ በሙቀትም ቢሆን። የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው መፍትሔው። ንፁህ ውሃ ብዙ ከወሰደ ኩላሊቱ ስላልጠነከረ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው (ሶዲየም) ይወርድና እስከ መንቀጥቀጥ ይደርሳል። ውሃውን አንቺ ጠጪ፣ ከምትገምቺው በላይ ጠጪ። መመርመሪያሽ ዳይፐሩ ነው፣ በቀን 6 ያህል በደንብ የረጠበ ዳይፐር ካለ ደህና ነው። ዳይፐሩ ለ6 ሰዓት ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለ፣ በተለይ ደሞ ዝልፍልፍ ብሎ ጡት አልይዝም ካለ፣ ጨዋታው እዛው ላይ ያበቃል። ወደ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ልብሱን አውልቂ፣ በለብ ያለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ አብሺው፣ ፓርኩ ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል አለ፣ ካልነቃልሽ የአሜሪካ የድንገተኛ ስልክ 911 ነው፣ ደውዪ።

ለማጥባት ቦታ አትቸገሪም። አራቱም የዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች ውስጥ ቤቢ ኬር ሴንተር ሚባል ቤት አለ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ማጥቢያ ክፍል፣ ዳይፐር መቀየሪያ፣ ሁሉም አለው፣ ዳይፐር ቢያልቅብሽም ይሸጣሉ። እኔ ብሆን ስገባ መጀመሪያ ካርታው ላይ እሱን ነው ማየው። እዛ ድረስ መሄድ ካቃተሽም የትም ጥላ ሥር ነጠላሽን ጣል አድርገሽ አጥቢ፣ ፍሎሪዳ እናት በተገኘችበት ቦታ ሁሉ ማጥባት እንድትችል በፈረንጅ 1993 ሕግ ያወጣች ስቴት ናት፣ ማንም ተነሺ አይልሽም።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጊው። በኛና በነሱ መሃል በክረምት 7 ሰዓት ልዩነት አለ። ልጁ ጎንደር ጠዋት 12 ሰዓት ሚነሳ ከሆነ እዛ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ፍጥጥ ብሎ ይነሳና ልጫወት ይላል፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከባለቤትሽ ጋር ተራ ግቡ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው ሚያስተካክለው። ስለዚህ ዲዝኒን በደረሳችሁ ማግስት አታድርጉት፣ ቢያንስ 4 ወይ 5 ቀን ይረፍ። ከዛ በኋላም ገና በማለዳ ነው ሚነሳው፣ ይሄ ግን ለናንተ ጥቅም ነው፣ ፓርኩ ብዙ ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ሲከፈት በር ላይ ትገኛላችሁ፣ ሰልፉ ሳይበዛ፣ ጸሐዩ ሳይከር ዞር ዞር ብላችሁ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ትወጣላችሁ። እኩለ ቀን ላይ የሱ ሰውነት ጎንደር ምሽት 1 ሰዓት ነው ብሎ ያስባል፣ መተኛት ነው ሚፈልገው። ከሰዓት በኋላ ደሞ እዛ በክረምት ነጎድጓድ ሚጥለው ቶሎ ቶሎ ነው፣ ውጭ ያለው ጨዋታ ሁሉ ይቆማል። የማታውን ርችት ልይ ብትዪ፣ ለሱ ሌሊት ነው፣ ድምፁም ለጆሮው ከባድ ነው፣ ካማራችሁ አንዳችሁ ከአክስቱ ጋር ሂዱና ሌላው ልጁ ጋ ይቅር።

ወደ ኩፍኝ ልምጣ። በኛ ሀገር ፕሮግራም የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ነው ሚጀመረው፣ ሁለተኛው በ15 ወር። ያንቺ ልጅ ያኔ አንድም አልወሰደም። ካንቺ በእርግዝና የወሰደው መከላከያ ደሞ በዚህ እድሜ እየሳሳ ነው። ኩፍኝ በአየር ነው ሚተላለፈው፣ የታመመው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። "አሜሪካ ኩፍኝ የለም" ትይኝ ይሆናል። ታህሳስ 2007 በኛ አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ ውስጥ ተነስቶ ከ100 በላይ ሰው ይዟል፣ ከነሱ ውስጥ እድሜያቸው ለክትባት ያልደረሰ ሕፃናትም ነበሩ። ዓለም ሁሉ ከየሀገሩ ተሰብስቦ አንድ ዝግ ክፍል ውስጥ ሚሰለፍበት ቦታ ነው እኮ። ለተጓዥ ሕፃን ከ6 ወር ጀምሮ ቀደም ያለ የኩፍኝ ዶዝ መስጠት ይቻላል፣ ያንቺ ግን 6 ወር አይሞላም፣ እዚህ ላይ ነው ሐምሌ ባይሆን ምለው። ጉዞው ወደ መስከረም መጨረሻ ቢገፋ ልጁ 7 ወር ይሆናል፣ ከመሄዱ 2 ሳምንት በፊት ዶዙን ይወስዳል፣ ምግብ ጀምሯል፣ ፍሎሪዳም ትንሽ ይበርዳል፣ የኔ ምርጫ እሱ ነበር። የባልሽ ስብሰባ ግን አይገፋምና፣ ሐምሌ ከሆነ ልጁ ያለበት ዝግ ሰልፍ ውስጥ አትቁሙ፣ ውጭ ውጭውን፣ ከሰው ራቅ። እናንተ ሁለታችሁና አክስቱ ቤት ያሉት ልጆች በሙሉ ኩፍኝ የተከተቡ መሆናቸውን አጣሩ፣ ካልተከተባችሁ አሁን ተከተቡ፣ ለሱ አጥሩ እናንተ ናችሁ። ሰው ሁሉ እየተቀበለ ሚስመው ነገርም አለ፣ ሀበሻ ቤት ሲገባ ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ነው፣ ሳል ያለበት ሰው አይዘው በይ፣ ይቀየሙ።

አውሮፕላኑ እንደምትፈሪው አይደለም። "ከፍታው ላይ አየር አያጥረውም ወይ" ላልሽው፣ የትልልቆቹ አውሮፕላኖች የውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ተደርጎ ነው ሚስተካከለው፣ ጎንደር 2,100 ገደማ ናት፣ እንግዲህ ልጅሽ አየር ላይም ማራኪ ነው ያለው ማለት ነው። ላንዲንጉ ላይ ነው ነገሩ። የፈረንጅ ልጅ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ሲወጣ ጆሮው ይደፈናል፣ ያንቺ ግን ከአዘዞም ከቦሌም ሲነሳ ብዙም አይሰማውም፣ አውሮፕላን ምትቀይሩበት ዋሽንግተን ላይ ወደ ባሕር ጠለል ሲወርድ ነው ግፊቱ ሚጨምርበት። ካፒቴኑ መውረድ ጀመርን ሲል፣ ከማረፉ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ተኝቶም ከሆነ ቀስቅሰሽ አጥቢው፣ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። ስትመለሱም ያው ነው ግን ቀለል ይላል።

ቲኬት ስትቆርጡ ባሲኔት ያለበት ወንበር ጠይቁ፣ ከፊት ግድግዳው ላይ ሚሰካ የሕፃን አልጋ ነው፣ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ የጠየቀ ነው ሚያገኘው፣ የክብደት ገደቡንም አብረሽ ጠይቂ። ጭን ላይ ሚሄድ ልጅ በዓለም አቀፍ በረራ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን 10 በመቶ አካባቢ ነው ሚከፍለው። የታለበ የጡት ወተት ከያዝሽ 100 ሚሊ ሊትር ሚሉት ገደብ አሜሪካ ፍተሻ ላይ ለልጅ ወተት አይሠራም፣ ዋሽንግተን ላይ ስትፈተሺ ለብቻ አውጥተሽ አሳዪያቸው። የታለበ ወተት ክፍል ውስጥ ባለ አየር 4 ሰዓት ይቆያል፣ በዛ ሙቀት ግን ከዛ ያንሳል፣ በበረዶ ቦርሳ ያዢው።

እባክሽ፣ እባክሽ፣ "በረራው ላይ እንዲተኛልሽ" ተብሎ ሽሮፕ አትስጪው። ፋርማሲ ሄደሽ ልጅ ሚያስተኛ ስጡኝ ብትዪ ፕሮሜታዚን ሚሰጥሽ አይጠፋም፣ ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይ ትንፋሽ እስከ ማቆም ሚያደርስ መድኃኒት ነው። ያልቅስ። 13 ሰዓትና ከዛ በላይ በረራ ላይ ሚያለቅስ ልጅ ያየው ሰው ሁሉ ነገ ይረሳዋል። ፓራሲታሞል ያዢ፣ መጠኑን በክብደቱ እኔ ወይ ሌላ ሐኪም ይጻፍልሽ፣ አይቡፕሮፌን ከ6 ወር በታች አይሰጥም።

ኦርላንዶ ስትወርዱ አክስቱ መኪና ውስጥ ካርሲት፣ የሕፃን የመኪና ወንበር ማለት ነው፣ ሳይኖር ልጁ አይግባ። እዚህ ጭናችን ላይ አስቀምጠን ነው ምንሄደው፣ እዛ ሕጉም አይፈቅድም፣ ከሕጉ በላይ ደሞ ፍጥነቱ ሌላ ነው። ፊቱ ወደኋላ ዞሮ ነው ሚታሰረው። አክስቱ ልጆቿ አድገው ከሆነ አዲስ ትግዛ፣ ከማን እንደመጣ ማይታወቅ፣ አደጋ ያየ ሊሆን ሚችል አትውሰዱ። "አንድ ነገር ገዝቼ ልምጣ" ተብሎ ደሞ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መኪና ውስጥ አይተውም፣ በዛ ሀገር በየክረምቱ ሕፃናት ሚሞቱት በዚህ ነው። ቤቷም ለብቻው ሚተኛበት ጠፍጣፋ አልጋ ታዘጋጅ፣ በጀርባው፣ ትራስ የለም፣ ሶፋ ላይ ከማንም ጋር አይተኛም።

ኢንሹራንስ ግዙ፣ የልጁ ስም በግልፅ ገብቶበት፣ እዛ አንድ የድንገተኛ ክፍል ጉብኝት የጉዞውን ወጪ ሊያስረሳ ይችላል። ምግብን በተመለከተ የራሳችሁን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ጠርሙስ ክልክል ነው፣ የሕፃን ምግብ ጠርሙስ ብቻ ነው ሚያሳልፉት፣ ላንቺ ውሃና ድርቆሽ ብትይዢ ማንም አይከለክልሽም።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ እሁድ ጠዋት ሙሉ ዕቃውን ከነቦርሳው ይዘሽ ፋሲል ግቢ ሂጂ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ዞሪ፣ እዛው አጥቢው፣ እዛው ቀይሪው። የጎደለሽን ያኔ ታውቂዋለሽ፣ የማትነኪውንም ትተዪዋለሽ። ለአማትሽም ጥሩ ነው፣ አብረው ይምጡ፣ ጥምቀት ላይ በዛ ሁሉ ሕዝብ መሃል ልጅ አዝለው ፋሲለደስ መዋኛ የወረዱ ሰው ናቸው መቼም። የፈሩት ርቀቱን ነው፣ በየቀኑ ቪዲዮ እንደምትደውዪላቸው ንገሪያቸው።

የክትባት ካርዱን ይዘሽ ከበረራው 4 ሳምንት በፊት ነይ፣ የ14 ሳምንቱ ተሟልቶ እንደሆነ አያለሁ፣ ዋናውንም ፎቶውንም ይዘሽ ትሄጃለሽ። ለበረራው ሁለት ቀን ሲቀር ጆሮውን አሳዪው፣ ጉንፋን ኖሮ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ካለ ላንዲንጉ ያመዋል። ከተመለሳችሁ በኋላ እስከ 3 ሳምንት ድረስ ትኩሳት ከሳልና ከዓይን መቅላት ጋር፣ ቀጥሎም ሽፍታ ካየሽ ክሊኒክ ዝም ብለሽ አትግቢ፣ መጀመሪያ ደውዪና ከአሜሪካ መምጣታችሁን ተናገሪ፣ ከሌሎች ልጆች ለይተን እናየዋለን። ደህና ከሆነ ደሞ በ9 ወሩ ለኩፍኙ ይዘሽው ትመጫለሽ።